ዙሪያዋ ባሕር፣ ሰዉ ደጋ ላይ፤ ማዳጋስካር ምን ነክቷት ነው?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ጀመዓ፣ ደሴ ነኝ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ የማዳጋስካርን ካርታ ስትሥል «አባ፣ ዙሪያዋን ባሕር እያላት ዋና ከተማዋ ለምን መሐል ተራራ ላይ ወጣ?» አለችኝ። አንታናናሪቮ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። «እኛስ ጦሳ ተራራ ሥር ማን ሰቀለን?» ብዬ ሸወድኳት፤ ማታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ዓሣውን ትቶ ዳገት የሚወጣ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ጡረተኛው መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ወንድምዋ፣ ነፋሱን አስቀድምላት። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የምሥራቁን ገደል ሲገጭ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ስለዚህ ምሥራቁ ጫካ ነው፤ አውሎ ነፋሱም አያጣውም። ደቡብ ምዕራቡ ደረቅና እሾሃማ።

ሰዉን የሰበሰበው ግን ሩዝ ነው። ከአንታናናሪቮ ግርጌ ቤትሲሚታታትራ የሚባል ሰፊ ረግረግ ነበር። የመሐሉ ደጋ መንግሥት የኢመሪና ነገሥታት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡን እያሰማሩ ውሃውን በቦይ አጠነፈፉት፣ የኢኮፓን ወንዝ በአፈር ክትር ያዙት፣ ማሳ አደረጉት። ከተማው ኮረብታ ላይ፣ ቀለቡ ከእግሩ ሥር። ጠላትም ከሩቅ ይታያል።

ባቲ ሰኞ፦
መምህር፣ ንዳዱን ረሱት! በ1895 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ከምዕራቡ ጠረፍ ከማሃጃንጋ ተነሥተው ወደ አንታናናሪቮ ሲወጡ በጥይት የሞተባቸው ጥቂት ነው፤ በሺዎች ያለቁት በበሽታ፣ ይበልጡን በወባ ነው። ቆላው ለደጋው አጥር ሆኖለት ኖሯል። አያቴ እዚሁ ባቲ ስትነግድ፣ እህል ጭኖ የወረደ ደገኛ ገበያው ሳይበተን አህያውን ያዞር ነበር ትለናለች። እዚህ ማደር ሞት ይመስለው ነበር።

የወረኢሉ ልጅ፦
አባቴን በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ መተከል ወሰዱት። መሬቱ ዱላ ብትተክልበት ይበቅላል ይላል፤ ወባው ግን አብረውት የሄዱትን ጨረሰበት። እግሩ እንደጸና ወደዚያው ድንጋያማ ማሳችን ተመለሰ። ሰው የሚሰፍረው ለም መሬት ፍለጋ ብቻ ነው የሚል ካለ እሱን ያናግር።

የጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጣችሁ። ሁሉንም አነበብኩላት። «ታዲያ እኛ ረግረጋችንን ጨፋን ለምን እንደነሱ አላጠነፈፍነውም?» አለችኝ። «በበጋ ከብቱ የት ይግባ?» ብላት አልተዋጠላትም። መምህር፣ ይቺኛዋ የእርስዎ ናት።