«ጣልቃ ገብነት» ስንል የትኛውን ነው?

ጠያቂ (ጅማ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ስለ አንድ የአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ክርክር በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ከኤሌክትሪክ ሞተር ከረንት ላይ «ኢንተርፈረንስ» ስለማጣራት ነው። ቃሉ አንዴ ሽቦው ውስጥ ያለ ነገር ይሆናል፣ አንዴ ፈልሳፊዎች የሚካሰሱበት። «ጣልቃ ገብነት» ለሁለቱም ይበቃል?

የሕግ ሰው፦ አይበቃም ወንድሜ። የሕጉ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈጠራ ሲጋጩ፣ ቀድሞ የፈለሰፈው ማን ነው የሚለው የሚጣራበት ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. ከማርች 16 ቀን 2013 ጀምሮ ለገቡ አዳዲስ ማመልከቻዎች ቀርቷል። አሁን ቀድሞ ያመለከተ ነው የሚቀድመው። «የቀዳሚነት ክርክር» በለው።

ዳይናሞ ጠምጣሚ፦ ለሽቦው «ረብሻ» ይሻላል። ግን የማን ረብሻ? በዲሲ (ቀጥታ ከረንት) ሞተር ላይ ካርቦኑ፣ ማለትም ከረንት ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስገባው ብሩሽ፣ ከአንዱ የኮሙቴተር (አብሮ የሚሽከረከረው የመዳብ ቀለበት) ቁራጭ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ከረንቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ከረንቱን በትክክል መለካት ለፈለገ ሰው ይሄ መወገድ አለበት። የመኪና መስኮት የት እንደደረሰ ማወቅ የፈለገ ግን ያንኑ ከፍ ዝቅ ይቆጥራል፤ ሴንሰር ሳይገጥም። የእሱ ረብሻ የካርቦኑ ብልጭታ ነው፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚመጣው ትልቅ ከረንት ነው። እንግዲህ ፓተንቱ «ረብሻ» ያለው የትኛውን እንደሆነ ሳታይ ቃል አትምረጥ።

የሕግ ሰው፦ ልክ ብለሃል። የፓተንት ጥበቃ የሚለካው ጥበቃ በተጠየቀባቸው ዓረፍተ ነገሮች ነው። አንድ ቃል ሰፋ ካለ ተከሳሹ ጥበቃው ውስጥ ይገባል፣ ጠበብ ካለ ያመልጣል። ደግሞ «ግኝት» እንዳትል! በእኛ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ግኝትም ሆነ የሒሳብ ዘዴ ፓተንት አያገኝም። «ፈጠራ» ነው።

ሌላ አባል፦ «ማጣራት»ስ? ፊልተርም ያጣራል፣ ዳኛም ያጣራል። «ፍርድ ቤቱ የማጣሪያውን ጉዳይ አጣራ» ሊባል ነው እኮ። እኔ «ማጥለል» እላለሁ።

ዳይናሞ ጠምጣሚ፦ ኧረ እሱ ጠላ ጠላ ይሸታል! ሱቃችን የሚመጣ ሁሉ «ፊልተር» ነው የሚለው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ለሽቦው ረብሻ፣ ለሕጉ የቀዳሚነት ክርክር፣ ለዕቃው ፊልተር አድርጌአለሁ። ማጣራቱን ለዳኛው ትቼለታለሁ።

ሌላ አባል፦ ማጥለል ግን ይታሰብበት።