ከስሊቭ በኋላ የት ልረፍ? እናቴ ቤት አዳማ ወይስ አዲስ አበባ

የፍራንኮዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እስከዛሬ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። 34 አመቴ ነው፣ 127 ኪሎ ነኝ፣ ስኳርም አለብኝ በኪኒን ነው ያለሁት። ከብዙ ምልልስ በኋላ ስሊቭ (ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰው ኦፕራሲዮን) ልሰራ አዲስ አበባ ቀጠሮ ይዘውልኛል መጋቢት መጨረሻ ላይ። ኦፕራሲዮኑን ወስኜ ጨርሻለሁ እሱ ላይ ምክር አልፈልግም እባካችሁ። ጥያቄዬ ከሆስፒታል ስወጣ የት ሄጄ ልተኛ ነው። 2 ወይ 3 ቀን ነው የምትተኚው ብለውኛል ከዛ በኋላ ያለው የራሴ ጉዳይ ነው።

እናቴ ቤት እዚሁ አዳማ ነው፣ ግቢ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ እማዬ ደግሞ እንደ አራስ ነው የምትንከባከበኝ። ችግሩም እሱ ነው፣ እንደ አራስ! ገንፎ፣ አጥሚት፣ ቅቤ፣ ከዛ የሰፈር ሰው በሙሉ እየተፈራረቀ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሉኝ ምንም አይቀራቸውም። ደሞ ምን እንደምሰራ በደንብ አልነገርኳትም፣ የሐሞት ጠጠር ነው ያልኳት።

የራሴ ቤት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፣ ባሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው አንዴ ከወጣ ሳምንትም አስር ቀንም ይቆያል፣ የ6 አመት ልጅ አለችኝ "እማ እቀፊኝ" የማይሰለቻት። ሌላው የባሌ እህት ናት አዲስ አበባ አያት ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ፣ ለሆስፒታሉ ቅርብ ነች ግን ስራ ትውላለች፣ እውነቱን ለመናገር ደሞ ያን ያህልም አንቀራረብም። ጌስት ሀውስ እንዳልከራይ ብሩ ኦፕራሲዮኑ ላይ አለቀ። የአዳማ ሙቀትም ያሳስበኛል፣ እንኳን ታምሜ እንዲሁም ሚያዝያ ላይ አልችለውም። ያለፈበት ሰው ካለ በናታችሁ።

ቡና_ያለስኳር፦
በመጀመሪያ "የት ልረፍ" አትበይ በማርያም፣ ደንግጬ ነው የከፈትኩት ኪኪኪ። የት ላገግም በይ።

እኔ እዚሁ ናዝሬት ነኝ (አዳማ ስላላልኩ አትቆጡኝ እድሜዬ ነው)። ስሊቭ ከሰራሁ 1 አመት ከ4 ወር ሆነኝ። እንዳንቺው ሐሞት ነው ብዬ ዋሽቼ በ4ኛው ቀን ቀጥታ እናቴ ቤት ገባሁ። ውሸቱ ምን እንዳመጣ ልንገርሽ። ሐሞቷን ያወጡላት ሰው በሳምንቱ ትበላለች፣ የጎረቤታችን ልጅ በልታለች፣ እኔ ለምን አልበላም? እናቴ ፊቴ ላይ ቁጭ ብላ "አንድ ጉርሻ ለኔ ስትይ" ትላለች፣ እንቢ ስል ታለቅሳለች። በ6ኛው ቀን አጥሚት ሰራችልኝ ማርም ቅቤም ያለበት፣ አላስችል ብሎኝ ግማሽ ሲኒ ጠጣሁላት። ከዛ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰአት ለጠላቴም አልመኝም። ላብ፣ ልብ ምት፣ ትውከት፣ የተሰፋሁት ሁሉ የተበጠሰ መሰለኝ። ደግነቱ ምንም አልሆነም ግን ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ይዤ ነው ያደርኩት።

በማግስቱ ራስጌዬ ላይ የአረቄ መለኪያ አገኘች። ውሃ የምጠጣበት ነበር፣ አንዷን መለኪያ 10 ደቂቃ ነው የምጠጣት ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ ከዛ በላይ ከጎነጨሽ ደረትሽ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ነው የሚመስልሽ። እሷ ግን ልጄ በህመሟ ላይ አረቄ ጀመረች ብላ ልትሞት! ያኔ ነው ተቀምጬ ሁሉንም የነገርኳት፣ ጨጓራዬን ወደ 80 ፐርሰንቱን ቆርጠው አውጥተውታል የቀረው ሙዝ ያክላል አልኳት። ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሶስተኛው ቀን በርጩማዋን ይዛ የግቢው በር ላይ ተቀመጠች፣ የመጣውን ሁሉ "ተኝታለች፣ ሀኪም ከልክሏል" እያለች ከደጅ ትመልሳለች፣ የመጣላትን ዳቦ ግን ትቀበላለች ኪኪኪ።

ስለዚህ እናትሽ ቤት ግቢ ግን ሳትነግሪያት አትግቢ። ለሰፈሩ ሐሞት በይው ግድ የለም፣ ማጀት ለምትገባው ሰው ግን እውነቱን ንገሪ።

የታቦር_ስር፦
እኔ ወንድ ነኝ፣ ሃዋሳ ነኝ። ቡና ያለችው ስለ ምግቡ ልክ ነው ስለ ቦታው ግን አልስማማም። እህቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከሰራሽ ሀኪም አትራቂ።

እኔ አዲስ አበባ ተሰርቼ በ5ኛው ቀን ወደ ቤቴ ሃዋሳ መጣሁ፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሀይቁ ዳር ነፋስ እየተቀበልኩ አገግማለሁ ብዬ። እስከ 8ኛው ቀን ጥሩ ነበርኩ፣ ማታ ማታ ሀይቁ ዳር ወክ ሁሉ አደርግ ነበር። 9ኛው ቀን ማታ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ልቤ ሩጫ የጨረስኩ ይመስል ይመታል፣ ስቆጥረው 130። ግራ ትከሻዬን ያመኛል፣ በደንብ ያልተኛሁ ነበር የመሰለኝ። ትንሽ ብርድ ብርድ አለኝ። አቅራቢያዬ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ጨጓራ ነው የተሰራሁት ስላቸው ጨጓራ ህመም ነው ብለው መርፌ ወግተው ኪኒን ሰጥተው ላኩኝ። የልብ ምቴን ማንም አልቆጠረም። እኔም ቀለል አለኝ ብዬ አደርኩ። በማግስቱ ከሰአት ሰርጀኑ ጋ ስደውል ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ የልብ ምትህ ስንት ነው አለኝ፣ ነገርኩት፣ "አሁኑኑ ተነስና ና፣ ውሃም እንዳትጠጣ" አለኝ። 5 ሰአት መኪና ውስጥ፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ ቆጥሬያታለሁ።

ሊክ ነው የሚሉት፣ የተሰፋው መስመር ላይ ትንሽ ቦታ ይከፈትና የጨጓራው ፈሳሽ ወደ ሆድ ይገባል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ላስፈራራሽ አይደለም። እኔ ላይ ግን ደረሰ፣ 3 ሳምንት ተኛሁ፣ ጎኔ ላይ ቱቦ፣ ምግብም በቱቦ። አሁን ደህና ነኝ 41 ኪሎ ቀንሻለሁ። ያቺ የባከነችው አንድ ቀን ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። የባልሽ እህት ጋ ተኮራርፈሽም ቢሆን እዛው ቆዪ።

ጎህ_ሲቀድ፦
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ጠዋት ጠዋት ሩጫ ብትጀምሪ እና እንጀራ ብትቀንሺ አይሻልም? ሰው ጤነኛ ሆዱን አስቀድዶ... በኛ ጊዜ እንዲህ አይነት ነገር አልነበረም

ቡና_ያለስኳር፦
ጎህ ወንድሜ ልጅቷ ምን ብላ ነው የጀመረችው? "እሱ ላይ ምክር አልፈልግም"። ነጋልህ?

ሲስተር_ዘሪቱ_አይደለሁም፦
ኪኪኪ ቡና። እኔ ሰርጂካል ዋርድ ነው የምሰራው፣ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር ግን የሰራሽ ሀኪም የሚልሽ ከኔ ይበልጣል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሊክ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፣ ሰውየው ከቤቱ ገብቶ ደህና ነኝ ሲል። ታቦር ያለው የልብ ምት ትልቅ ነገር ነው፣ ቁጭ ብለሽ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ህመም፣ የግራ ትከሻ ህመም፣ እነዚህን እስኪነጋ ልጠብቅ አይባልም። ትከሻ ላይ ግን አትሳቀቂ፣ ለላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ ለሚሰራው ኦፕራሲዮን) ሆድ ውስጥ የሚነፉት አየርም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ ያሳምማል እሱ በራሱ ይጠፋል። የሚያስፈራው ጠፍቶ የተመለሰው ነው። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ ወይ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርሽም እንደዛው፣ እሱ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል።

አዳማና ሃዋሳ ግን አንድ አይደሉም። ካንቺ ቤት በፈጣኑ መንገድ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ 1 ሰአት አይሞላም፣ መከራው ከዛ ወዲህ ያለው ነው፣ ቃሊቲና ሳሪስ ላይ ተገትሮ መዋል። ማታ ከሆነ ትደርሻለሽ፣ ጠዋት 2 ሰአት ላይ ከሆነ እንጃ። ስትመለሺ ፊት ወንበር ትንሽ ወደኋላ አጋድሚው፣ በሆድሽና በቀበቶው መሀል ትራስ አድርጊ፣ ቁርጭምጭሚትሽን እያንቀሳቀስሽ ነይ።

ስለ ስኳርሽ ነው ከሁሉም የፈራሁት። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስኳሩ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ ምግብም የለም፣ አሮጌውን ኪኒን በአሮጌው መጠን ከወሰድሽው በተለይ ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ሌሊት ላይ ስኳርሽ ወርዶ ማንም ሳያውቅ ልትወድቂ ትችያለሽ። ከመውጣትሽ በፊት የትኛውን ልተው የትኛውን ልቀጥል ብለሽ በወረቀት አስጽፊ፣ መለኪያ ማሽኑም አጠገብሽ ይሁን። ሲያምሽ ዳይክሎፌናክ ኢቡፕሮፌን ሰፈር ውስጥ የሚሰጥሽን እንዳትወስጂ፣ የታዘዘልሽን ብቻ። ያ ወረቀት ደሞ ምን አይነት ኦፕራሲዮን መቼ እንደተሰራሽ የሰርጀኑ ስልክ ጭምር ይኑርበት ፎቶ አንሺውና ለባልሽም ለእናትሽም ላኪላቸው፣ የትም ክሊኒክ ብትገቢ ጨጓራ ህመም ነው ብለው እንዳይመልሱሽ።

አራተኛ ፎቅ ደረጃው አይገልሽም፣ መራመድማ የግድ ነው፣ ግን አንዴ ከወጣሽ መውረድ ትጠያለሽ ተኝተሽ ትውያለሽ እሱ ነው ችግሩ። ልጅሽን ማቀፍ የለም፣ ከ5 ኪሎ በላይ ቢያንስ ለአንድ ወር አይነሳም፣ ቁጭ ብለሽ ትቀፍሽ። ሙቀቱ የሚጎዳው ውሃ ካነሰሽ ነው፣ ሽንትሽ ሻይ ከመሰለ ውሃ አልበቃሽም። ትውከት ሲደጋገም አቅልለሽ አትዪው፣ ከውሃው ሌላ ቪታሚን ቢ ዋንም ያልቃል፣ ነርቭ ይጎዳል።

የፍራንኮዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ታቦር ያንተን ሳነብ እንባዬ መጣ እንኳን ዳንክ። ባሌ የመኪናው ጋቢና ውስጥ ሆኖ አንብቦታል፣ መጀመሪያ "እናትሽ ቤት በቃ" ሲል የነበረው ሰውዬ አሁን እህቱ ጋ ደውሎ 12 ቀን ብሎ ነግሮልኛል፣ እሷም የሁለት ሳምንት ፈቃድ ከቀረኝ እወስዳለሁ አለች። እኔ ደሞ ሳውቃት ኖሬ እንዲህ ትላለች ብዬ አላሰብኩም። ልጄ እናቴ ጋ ትሆናለች። የቁስሉ ክሊፕ የሚወጣበት ቀጠሮ 10ኛው ቀን ላይ ነው፣ እሱን ጨርሼ ደህና ከተባልኩ አዳማ እማዬ ቤት። ስኳሬ ሜትፎርሚን ነው ሲስተር፣ ቢሆንም አስጽፋለሁ።

አሁን የቀረኝ ሌላ ጣጣ ነው። ፋሲካ 3ኛው ሳምንቴ ላይ ነው የሚውለው። እማዬ ቤት ፋሲካ ማለት ምን እንደሆነ አታውቁም፣ የአክስቶቼ ልጆች ሁሉ ከመተሃራም ከአሰላም ነው የሚመጡት። ሌላው ደሞ ጾም ላይ ስለምሰራ ወተቱና ሾርባው ከብዶኝ ነበር፣ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው "ልጄ ለታመመ ነው የተፈቀደው ጠጪ" አሉኝ፣ እሱ ቀለለኝ።

ሲስተር_ዘሪቱ_አይደለሁም፦
3ኛው ሳምንት ላይ የተፈጨ ነገር ላይ ነሽ ሀኪምሽ ካላዘገየሽ። ዶሮ ወጥ የለም፣ በርበሬውም ቅቤውም ስጋውም። እንቁላል ግን ትችያለሽ፣ ለብቻ ተቀቅሎ በዶሮ መረቅ ላልቶ የተፈጨ፣ በሻይ ማንኪያ፣ ሶስት አራት ማንኪያ ላይ ትጠግቢያለሽ አትገረሚ። ምግቡን በልተሽ ግማሽ ሰአት ሳይሞላ ውሃ አትጠጪ። ፕሮቲን በቀን 60 ግራም አካባቢ ነው የሚፈለገው፣ መጀመሪያ ላይ በምግብ ብቻ አይሞላም ዱቄቱን ግዢ፣ ስኳሩ ያነሰውን።

ቡና_ያለስኳር፦
መፍጫ የለሽም እንዴ? እኔ ጋ ሁለት አለ አንዱን ውሰጂው፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ነኝ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። መብራት ስለሚጠፋ ደሞ ሽቦ ማጥለያ ያዢ በማንኪያ እየደፈጠጥሽ ታሳልፊዋለሽ። ለእናትሽ ግን ነገርሻት?

የፍራንኮዋ፦
ትናንት ማታ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር፣ ዝም ብላ እስከመጨረሻው አዳመጠችኝ፣ ቡናው እስኪያር ድረስ። ትቆጣለች ትሰድበኛለች ስል "እሺ ልጄ፣ አምላክ ከሀኪሞቹ ጋ ይሁን" አለች። ትንሽ ቆይታ ግን "የፋሲካው ዶሮ ተከፍሎበታል እኮ፣ ታዲያ ለማን ነው የምሰራው?"

የታቦር_ስር፦
ከሃዋሳ ድረስ እመጣለሁ በያት