ክርክር፦ የወታደር ባንድ ከሕዝብ ግብር ይከፈለው?

አወያይ፦ ጥያቄው ከአሜሪካ ታሪክ የተነሳ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ መሃል፣ በ1862፣ ኮንግረስ የበጎ ፈቃደኛ ሬጅመንቶችን (የጦር ክፍሎችን) ባንዶች ወጪ በዛ ብሎ በተነ። ብዙ ሬጅመንቶችን ለሚይዝ አንድ ብርጌድ 16 ሙዚቀኞች ብቻ ተፈቀዱ። ልክ ነበር? ዛሬስ? (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ግብር ከፋይ፦ ልክ ነበር። በጦርነት ጊዜ ጫማና ዳቦ ይቀድማል። ጥሩ ባንድ ደግሞ በራሱ ይቆማል። ታዋቂው የሰልፍ ሙዚቃ ደራሲ ጆን ፊሊፕ ሱሳ በ1892 ከማሪን ባንድ፣ ማለትም ከአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር ባንድ፣ ወጥቶ የራሱን አቋቋመ። ያ ባንድ እስከ 1931 ድረስ ከከተማ ከተማ እየዞረ በትኬት ገቢ ኖረ።

መለከት ነፊ፦ ወንድሜ፣ የሱሳን ታሪክ ከመሃሉ ጀመርከው። በ1868፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ ተለማማጅ ሆኖ የገባው እዚያው ማሪን ባንድ ነው። አባቱም እዚያ ትሮምቦን ይነፉ ነበር። ከ1880 ጀምሮ ደግሞ 12 ዓመት መራው። ባንዱ በ1798 በኮንግረስ ሕግ የተቋቋመ ነው። ትኬት ቆርጦ የገባው ሕዝብ የሰማው በመንግሥት ደመወዝ የበሰለ ሙያ ነው።

የእርስ በርስ ጦርነቱንም ካነሳን፣ የወታደር ባንዶቹ ለጌጥ አልነበሩም። የብዙዎቹ መሣሪያ አፉ በትከሻ በኩል ወደ ኋላ የዞረ ነበር፤ ከኋላ የሚከተለው ሠራዊት እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ። በ1863 በጌቲስበርግ ውጊያ ላይ ከደቡቡ ወገን የ26ኛው ሰሜን ካሮላይና ሬጅመንት ሙዚቀኞች ቁስለኛ ሲያስታምሙ ነበር። ከዚያ ተጠርተው የጓዶቻቸውን ሞራል ለማንሳት ነፉ። የተሰለፉበትን የደቡቡን ዓላማ፣ ባርነትን ማስቀጠልን፣ አልደግፍም። ሥራቸው ግን ሥራ ነበር።

የፊላደልፊያዋ፦ ፍራንክ ጆንሰንን ማንም አላነሳውም፣ ያሳዝናል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የፊላደልፊያ ሰው። ሱሳ ሳይወለድ፣ በ1837፣ ባንዱን ይዞ እንግሊዝ ሄዶ ተጫውቷል። ሙዚቃውን አሳትሟል፤ ለዳንስ ምሽቱም ለሚሊሻ ሰልፉም የሚፈለገው እሱ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው ግን የማሪን ባንድ ደመወዝ አልታሰበለትም። እኔ ገንዘቡ ይውጣ ባይ ነኝ። ለማን እንደሚደርስ ግን እንነጋገር።

ግብር ከፋይ፦ እንግዲያው ለትምህርት ቤት ይሰጥ። ልጅ ኮርኔት (መለከት መሰል መሣሪያ) ለመማር የወታደር ልብስ መልበስ የለበትም።

መለከት ነፊ፦ ለትምህርት ቤትም ይሰጥ፣ እስማማለሁ። ግን ተምሮ ሲወጣ ማን ይቀጥረዋል? አሜሪካ ውስጥ ከትልልቆቹ የሙዚቀኛ ቀጣሪዎች አንዱ ሠራዊቱ ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፦ በበጋ የማሪን ባንድ ካፒቶሉ (የኮንግረስ ሕንፃ) ጋ በነጻ ይጫወታል። ትኬት መግዛት የማይችል ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይቀመጣል። ይህን በትኬት የሚኖር ባንድ አያደርገውም።