«የልደት ካርድ የሌለው ሰው በሕግ ፊት የለም»፦ እውነት ነው ወይ?

ጣና ዳር
ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ ስብሰባ ላይ መድረክ የያዘው ሰው «የልደት ካርድ የሌለው ሰው በሕግ ፊት የለም» አለ። ደሜ ፈላ። እናቴ የተወለደችው ደቅ ደሴት ነው። ያኔ መዝገብም መዝጋቢም አልነበረም። ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች፣ ግብር ከፍላለች፣ ድምፅ ሰጥታለች። እሷ ናት የለችም የምትባለው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃን ሁሉ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። ካርድ ከያዘ አይልም።

ጠበቃው
እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። አነጋገሩ ከፍቷል እንጂ ነገሩ ሐሰት አይደለም። የቤተሰብ ሕጉን አንቀጽ 154 እዪው። የልጅና የወላጅ ዝምድና የሚረጋገጠው በልደት ምስክር ወረቀት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አዋጅ 760/2004 ልደት በ90 ቀን ይመዝገብ ያለውም በምክንያት ነው። አንዲት ልጅ 14 ዓመቷ መሆኑን በምን ታስረጃለሽ? ሽማግሌ ተቀምጦ «18 ሞልቷታል» ብሎ ቢድራትስ?

ዘጌው
አንቀጽ 154 የፌዴራሉ ነው። እዚህ የሚሠራው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995 ነው።

ጠበቃው
ጋሼ፣ መርሁ እኮ ያው ነው። ቁጥር ላይ አንጣላ።

ዘጌው
ቁጥር የጠራኸው አንተ ነህ። «መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው» ካልክ ቀጥሎ ያለውን ለምን ዘለልከው? 155 ላይ መዝገብ ከሌለ ዘመድ አዝማዱና አገሬው ልጅ አድርጎ ያወቀው ልጅ ነው ይላል። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ በቡና መሬት ውርስ ተከሰሰ። የአባቱ ልጆች «አባታችን አልወለደውም» አሉ። እናትየው ከሣጥን የክትባት ካርዱን አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል፣ የአባት ስም በሰማያዊ እስክሪብቶ «ኃይሉ» ይላል። የልጁ መታወቂያ ላይ ደግሞ «ሀይሉ» ነው። በዚያች ፊደል ስንት ቀጠሮ አለቀ! በመጨረሻ ያዳኑት የክርስትና አባቱ ናቸው። «በ40 ቀኑ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ድግሱን የደገሰው ሟች ነው» ብለው መሰከሩ።

ጠበቃው
ለእኔ ተከራከሩልኝ እኮ። ካርድ ቢኖረው ይህን ሁሉ ይንከራተት ነበር? የክርስትና አባቱ ቀድመው ቢሞቱስ?

የቀበሌ 14 ልጅ
ሁላችሁም ጊዜው ያለፈበት ክርክር ላይ ናችሁ። የልደት ካርድ እገሌ ከእነ እገሌ ተወለደ ይላል። ካርዱን ይዞ የቆመው ሰው ራሱ እገሌ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ፋይዳ፣ አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ፣ ግን የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ይወስዳል። ባንክም የሚጠይቀው ፋይዳ ነው።

መምህርት
«ጊዜው ያለፈበት»? ፋይዳ የማን ልጅ እንደሆንክ አይናገርም። ዜግነትህንም አያረጋግጥም፤ እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም ያወጣዋል። በአዋጅ 378/1996 ኢትዮጵያዊነት የሚገኘው ከእናት ወይም ከአባት ነው። ወላጅህን ሳታስረዳ ዜግነትህን ከየት ታመጣዋለህ? ፓስፖርት ስትጠይቅም የልደት ካርድ አምጣ ትባላለህ።

የቀበሌ 14 ልጅ
እና ካርዱ እውነት ብቻ ነው የሚናገረው? የ15 ዓመት ልጅ ዓረብ አገር ለመላክ ዕድሜ ተጨምሮ ካርድ ሲወጣላት አላየንም? ምስክር ይቆማል፣ የተነገረው ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታል። ከዚያ በኋላ ውሸቱ ማስረጃ ሆነ።

መምህርት
እሱን አልክድም። ከተማሪዎቼም እንደዚያ የሄዱ አሉ። ግን ይህ የዘገየ ምዝገባ ችግር ነው። ጤና ጣቢያ ተወልዶ በ90 ቀኑ የተመዘገበና በ30 ዓመቱ በሰው ቃል የተመዘገበ እኩል ሊታመኑ አይገባም።

ጣና ዳር
90 ቀን፣ 90 ቀን ትላላችሁ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። እስከዚያ አራሷ ከቤት አትወጣም። የቀራት 10 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ሕፃን አቅፋ ጀልባ ጠብቃ ቢሮ ለቢሮ ትዙር?

ጠበቃው
አባትየው ሄዶ ያስመዝግባ።

ጣና ዳር
አባት አጠገቧ የሌላትስ? ጤና ኤክስቴንሽኗ እኮ በየቤቱ ትገባለች። ማን እንደወለደ ከማንም ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ምዝገባው እሷን ተከትሎ ይሂድ።

ዘጌው
ልክ ብለሻል ልጄ። አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበት መዝገብ፣ ይኑር ብሎ ደነገገ። እዚያው አንቀጽ 3361 ላይ ደግሞ ወደፊት ትእዛዝ እስኪወጣ ሥራ ላይ አይዋል አለ። በአገር ደረጃ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። 56 ዓመት የዘገየው መንግሥት ነው። ለዚህ መዘግየት እናቷ «የለችም» ልትባል አይገባም።

ጠበቃው
የለችም ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ጣና ዳር
«ነገሩ ሐሰት አይደለም» ብለሃል፤ ከላይ አለልህ። እናቴ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ የልደት ካርድ አምጪ ተባለች። የልደት ካርድ ልታወጣ ስትሄድ የታደሰ መታወቂያ አምጪ ተባለች። እስኪ በጠበቃነትህ ንገረኝ፣ ከየትኛው ትጀምር?

ጠበቃው
ምስክሮች ይዛ ትሂድ። ነባር ልደት፣ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት የሆነ ልደት፣ ተብሎ ይመዘገብላታል።

ጣና ዳር
መምህርት አሁን በሰው ቃል የተመዘገበ እኩል አይታመንም አሉ። አንተም ምስክሩ ቢሞትስ ብለህ ጋሼን ስትሞግት ነበር። የእናቴን መወለድ ያዩት ሁሉ ሞተዋል። ምስክሩን ከየት ታምጣ?