ከመጽሐፍ ወደ ድራማ፦ የትኛው ለውጥ ይፈቀዳል፣ የትኛውስ ይነቀፋል?

የሆጤ አንባቢ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ ውስጥ ስምንት ሆነን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ስላነበብነው መጽሐፍ የምንወያይ ጓደኛሞች ነን። ባለፈው ቅዳሜ ግን በአንድ ጉዳይ ሳንስማማ ተለያየን፤ ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ ስላልወጣ ወደ እናንተ ይዤው መጥቻለሁ።

ክርክሩ የተነሣው ከ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ነው። ከመካከላችን ሁለቱ የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን አምስት ቅጾች ያነበቡ ሲሆኑ፣ የቀረነው ከእ.ኤ.አ. 2011 እስከ 2019 በስምንት ምዕራፍ የቀረበውን ድራማ ብቻ የተመለከትን ነን። አንባቢዎቹ ድራማው መጽሐፉን አበላሽቶታል ብለው በጽኑ ይከራከራሉ። ዋናው ማስረጃቸው በአምስተኛው ምዕራፍ የሳንሳ ስታርክ ታሪክ ነው። በመጽሐፉ ራምዚ ቦልተን የተባለውን ጨካኝ የምታገባው ጄን ፑል የምትባል ሌላ ልጅ፣ ያውም የሳንሳ እኅት አርያ ናት ተብላ በሐሰት ስም የተዳረች ምስኪን ናት፤ በድራማው ግን ያ ሁሉ ሥቃይ በራሷ በሳንሳ ላይ እንዲደርስ ተደርጓል። እኛ ደግሞ፣ ተመልካች ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ የተከተላትን ልጅ ትቶ ለማያውቃት ልጅ አንጀቱ እንዴት ይላወሳል ብለን ተከራከርን።

ማታ ቤት ገብቼ ለአባቴ ባወራለት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አባቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ አያቴ የምትቆላውን ቡና ከእሳት አውርዳ፣ ጎረቤቱም በደጃፉ ላይ ተደርድሮ ያዳምጥ እንደ ነበር ደጋግሞ ይነግረኛል፤ የብረት ምጣዱ ድምፅ እንኳ ቃል እንዳያስመልጣቸው ብለው ነው። መጽሐፉ ለቴሌቪዥን መሠራቱን ስነግረው ግን «የሰብለን ፊት እኔ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ፊት እንዲሰጠኝ አልሻም» አለኝና ለማየት ሳይፈቅድ ቀረ። አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ ተዋናይ መመደቡ ብቻ ለእርሱ ለውጥ ሆነበት።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ድራማ ሠሪ ከመጽሐፍ ላይ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ድንበሩ የት ላይ ነው? «ምንም ባይነካ ይሻላል» ማለት ቀላል ቢሆንም እኔን አላሳመነኝም።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ፣ መልካም ጥያቄ ነው ያነሣኸው። ለብዙ ዓመታት አማርኛ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ጋር በየዓመቱ የምንነታረክበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስልህ ታገሠኝ።

ከአባትህ ልጀምር። አባትህ የሰሙት ትረካ ራሱ ለውጥ እንደ ነበር አንርሳ። ጉዱ ካሣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚናገር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ አናገኘውም፤ ድምፁን የሰጠው ወጋየሁ ነው። እርሱ ግን ፊቱን፣ ቤቱን፣ መንገዱን ሁሉ ለአድማጩ ስለተወለት እያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ሰብለ ይዞ ቀርቷል። ቴሌቪዥን ይህን ሊተው አይችልም፤ አንዲት ሰብለ መርጦ ለሁሉም ማሳየት ግዴታው ነው። አባትህ የተሰማቸው ነገር እውነተኛ ቢሆንም ድራማ ሠሪውን የሚያስወቅስ አይመስለኝም።

የሚያስወቅሰው ሌላ ነው። እኔ የምይዘው መለኪያ አንድ ነው፦ የተለወጠው ሰውየው ያደረገው ነገር ነው ወይስ ያደረገበት ምክንያት? ድርጊት ቢለወጥ፣ ቦታ ቢለወጥ፣ ሁለት ገጸ ባሕርያት አንድ ቢሆኑ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ይተርፋል። ምክንያቱ ሲለወጥ ግን ስሙን ብቻ የያዘ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ያጋጠመኝን ላንሣልህ። ተማሪዎቼ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ክፍል መርጠው በጭውውት መልክ እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችበትን ምክንያት በሁለት መስመር ጨረሰችው፤ ሰብለ ለአባቷ «የመጡትን ሁሉ አልወደድኳቸውም» ትላለች። ጭውውቱ ይፈስሳል፣ ክፍሉም አጨበጨበ። በመጽሐፉ ግን ልጅቷ እንድትቆይ ያደረጋት የራሷ ምርጫ አይደለም፤ ለፊታውራሪ መሸሻ በዘርና በማዕረግ የሚመጥናቸው አማች መጥፋቱ ነው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የዘር ኩራቱን አወጣችውና የቀረው ተራ የፍቅር ታሪክ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓቱ የሚናገረው ሁሉ ሰሚ የሌለው ጩኸት ነው፤ የሚነቅፈው ነገር በታሪኩ ውስጥ የለማ! በዛብህም እንዲሁ ነው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ መሆኑን ድራማ ሠሪ ለጊዜ ብሎ ቢያስቀረው፣ የልጁ ማመንታት ዓይን አፋርነት ብቻ መስሎ ይታያል።

ወደ ክርክራችሁ ስመለስ፣ በማርቲን መጽሐፍ ልዕልቷ ዴነሪስ ስትዳር ዕድሜዋ 13 ነው፤ የሳንሳ ወንድም ሮብ ስታርክም ጦር ሲመራ ገና ልጅ ነው። ድራማው ሁሉንም በዕድሜ ከፍ አድርጓቸዋል። ሕፃን ልጅን በዚያ ዓይነት ትዕይንት ውስጥ ማሳየት የማይገባ ስለሆነ ለውጡን በክፉ የሚያነሣው ሰው እምብዛም ነው። በሳንሳ ላይ ግን ከጓደኞችህ አንባቢዎቹ እውነት አላቸው፤ የእኔ ምክንያት ግን ከእነርሱ ይለያል። ችግሩ ሥቃዩ ከጄን ወደ ሳንሳ መዛወሩ አይደለም። ፒተር ቤይሊሽ ሳንሳን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቃት ተንኮለኛ ሰው ነው፤ ሁሉን አስቀድሞ የሚያሰላው ይህ ሰው ጠባዩን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ሲሰጣት፣ ለምን እንዳደረገው የሚያሳምን ነገር በድራማው ውስጥ አላገኘሁም። ድራማው የሳንሳን ታሪክ ለማግኘት ብሎ የቤይሊሽን ጠባይ ሰዋው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የተነሣውን ቁጣም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። ስድስተኛው ቅጽ ሳይታተም ድራማው መጽሐፉን ቀድሞ ሄደ፤ በየምዕራፉ አሥር የነበረው ክፍል በሰባተኛው ወደ ሰባት፣ በስምንተኛው ወደ ስድስት ዝቅ አለ። ዴነሪስ የመንግሥቱን ዋና ከተማ ማቃጠሏ በራሱ የማይታመን አልነበረም። ወደዚያ የሚያደርሳት መንገድ በጥቂት ክፍሎች ታጭቆ ምክንያቱ ሳይበስል ድርጊቱ ቀደመ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ምዕራፉ እንደገና ይሠራ ብሎ በበይነ መረብ የፈረመውም ያን ጊዜ ነው።

የመድረክ ሰው (ደሴ)፦

መምህርት የጻፉትን በአክብሮት አነበብሁ፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። እኔ ደግሞ ከሠሪው ወገን ሆኜ ልናገር፤ ለመድረክና ለሬዲዮ ጭውውት እጽፋለሁና።

አንባቢ ብዙ ጊዜ የማያየው ነገር አለ፤ መጽሐፍ የሰውን ሐሳብ በቀጥታ ይነግረናል፣ ካሜራ ግን ሐሳብ ማየት አይችልም። አንድ ጊዜ አንድ አጭር ልቦለድ ወደ ጭውውት ስመልስ፣ አንዲት ሴት ባሏ እንደከዳት አውቃ ለእንግዶች ቡና እያፈላች የምታስበው ሐሳብ ገጽ ተኩል ይፈጅ ነበር። አንዱንም ቃል ላስቀር አልፈለግሁም፤ በመጀመሪያ ለጎረቤቷ እንድትነግራት አደረግሁ፣ ነገር ግን ምስጢሯን ለሰው የምታወጣ ሴት ስላልነበረች ወዲያው ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ብዙ ቀን ከለፋሁ በኋላ ገጽ ተኩሉን ሙሉ አወጣሁትና ለሁሉም ቀድታ ስታበቃ የባሏን ስኒ ባዶውን ረከቦት ላይ እንድትተወው አደረግሁ። አቦሉ አለፈ፣ ቶናውም አለፈ፤ ስኒው ባዶውን ነው። ደራሲው በልምምድ ላይ ተገኝቶ ሲያየው «ይህን እኔ አልጻፍሁትም፤ ግን የእኔው ሴት ናት» አለኝ። ስለዚህ ቃሉን ሁሉ ጥዬ ታማኝ የሆንሁበት፣ ቃሉን ሁሉ ይዤ ደግሞ የከዳሁበት ጊዜ አለ።

ከዚህ የተነሣ የጉዱ ካሣ ንግግር ለማንኛውም ድራማ ሠሪ ከባድ ፈተና ነው። ሙሉውን ቢያናግረው ተመልካች ይሸሻል፤ ቢቆርጠው ደግሞ ሰውየው የመንደሩ ሰው እንደሚለው እብድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን መምህርት አላነሡትም፤ እርሱም ቋንቋው ነው። አንድ አዘጋጅ ታሪኩ እዚሁ ወሎ ውስጥ የሆነ ጽሑፌን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ አሮጊቷ የምትናገረውን «አብሽር» ሁሉ «አይዞህ» ብሎ ለወጠብኝ፤ ምክንያቱን ብጠይቀው ሁሉም አገር እንዲገባው ነው አለኝ። ትርጉሙ አልተለወጠም፣ የሴትዮዋም ምክንያት አልተለወጠም፤ ስለዚህ በመምህርት መለኪያ ለውጡ ማለፍ ነበረበት። ነገር ግን ሴትዮዋ የሰኞ ገበያን መንገድ ረግጣ የማታውቅ ሰው ሆነች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የጎጃምን ሰው የጎጃም አነጋገር፣ የወሎን ሰው የወሎ አነጋገር መንፈግ ሰውየውን ከአገሩ መንቀል ስለሆነ፣ ይህም በድንበሩ ውስጥ ይግባ እላለሁ።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር (ደሴ)፦

እኔ በመምህርት ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በአክብሮት ነው የምቃወመው። ምክንያት ተለውጦ ታሪኩ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። የቱርኩ ደራሲ ሃሊት ዚያ ኡሻክሊጊል በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጻፉትን «የተከለከለ ፍቅር» ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1975 በዘመኑ ልብስና ቤት በስድስት ክፍል ብቻ ለቴሌቪዥን ተሠራ። ከ2008 እስከ 2010 ደግሞ ወደ ዛሬዪቱ ኢስታንቡል ተዛውሮ በ79 ክፍል ቀረበ። በመጽሐፉ ዘመን የታሪኩ ዋና ሴት ቢህተር በዕድሜ የሚበልጣትን ሀብታም ስታገባ፣ እናቷ ስሟ በክፉ ስለሚነሣ ሌላ የሚከፈትላት በር ጠባብ ነበር። በዛሬዪቱ ኢስታንቡል ግን እንዲህ ያለች ሴት መማርም፣ መሥራትም፣ መፋታትም ትችላለች፤ ስለዚህ ምክንያቷ የግድ ሌላ መሆን ነበረበት፣ ሆነም። ቢህተር ግን በሁለቱም ዘመን ራሷን አጠፋች፤ የቱርክ ሕዝብም የመጨረሻውን ክፍል በጉጉት ተከታትሎታል። ዘመን ሲለወጥ ምክንያትም አብሮ መለወጡ ክሕደት ነው ልበል? እኔ አልልም። የ79 ክፍሉ ርዝመት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድን መጽሐፍ ያን ያህል ለመለጠጥ በመጽሐፉ የሌለ ብዙ ውሃ መጨመር ግድ ይሆናል።

የሕግ ባለሙያ (ደሴ)፦

ባጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብት የባለመብቱ ነው፤ ጥበቃውም ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጸናል። ከዚህ በተጨማሪ አዋጁ የሞራል መብት ብሎ የሚጠብቀው አለ፤ ሥራው ክብሩን ወይም ዝናውን በሚነካ መንገድ ሲዛባ ደራሲው መቃወም ይችላል። ልብ በሉ፣ ሕጉ ማንኛውንም ለውጥ አይከለክልም፤ የሚመለከተው ክብርን የሚነካውን ነው። ስለዚህ እዚህ የምትከራከሩበት አብዛኛው ነገር በፍርድ ቤት የሚያልቅ ሳይሆን በአንባቢና በተመልካች መካከል የሚቀር ነው። ለምትጽፉ ሁሉ የምመክረው፣ ሥራችሁን ለድራማ ስትሰጡ ምን ሊለወጥ እንደሚችልና የማን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ውሉ ላይ አስቀድማችሁ አስፍሩ። የመድረክ ሰው ወንድማችን ስለ አሮጊቷ አነጋገር ቀድሞ በውሉ ላይ አንድ መስመር አስገብቶ ቢሆን ኖሮ የሚሟገትበት ነገር ይኖረው ነበር።

የሆጤ አንባቢ (ደሴ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህርት ስለ ሬዲዮው የጻፉትን ለአባቴ አነበብሁለት። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «ልክ ናቸው፤ ግን ወጋየሁ ሰብለን አልወሰደብኝም» አለኝ። ድራማውን ለማየት አሁንም አልፈቀደም፤ እኔም ከእንግዲህ አልጨቀጭቀውም።

ከቧንቧ ውሃ የጻፍኸው ወንድሜ የቱርኩን ታሪክ ማንሣትህ አሳስቦኛል፤ ቢህተር ምክንያቷ ተለውጦ መጨረሻዋ ካልተለወጠ፣ መጨረሻውን ያመጣው ያ ምክንያት ነበር ለማለት ይከብዳል። መምህርት ይህን እንዴት እንደሚመልሱት ለመስማት እጓጓለሁ። ለመጪው ቅዳሜ እያንዳንዳችን ከመጽሐፉ የተለወጠ አንድ ትዕይንት ገጹን ጠቅሰን ይዘን እንድንመጣ ተስማምተናል፤ እኔ የቤይሊሽንና የሳንሳን ይዣለሁ።