ተወካዮቻችን መንግሥትን የመቆጣጠር ድርሻቸውን እንዴት ይረዱታል?

የማራኪው ነዋሪ (ጎንደር)፦
በቅርቡ በከተማችን በተካሄደ የመራጮችና የተመራጮች ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ነዋሪው ስለ መጠጥ ውኃ፣ ስለ መገጭ ግድብ መጓተትና ስለ መንገድ ጠየቀ። ተወካዩም ሁሉንም በጥሞና መዝግበው ለሚመለከተው አካል እንደሚያቀርቡ ቃል ገቡ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ራሳቸውን የሚያዩት እንደ አቤቱታ አድራሽ ነው ወይስ አስፈጻሚውን ጠርቶ የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ሰው? ሕጉን የምታውቁ፣ በምክር ቤትም ያገለገላችሁ ብታስረዱኝ በጣም ደስ ይለኛል።

የሕግ ባለሙያ፣ አራዳ፦
ሕገ መንግሥቱ ተወካይን መልእክተኛ አላደረገውም። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ ይጠራል፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር ይመረምራል፤ በንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ይወያያል። አንቀጽ 54 የአባላቱን ተገዥነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ አድርጎታል። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 56 መሠረት አስፈጻሚውን የሚያደራጀው አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ስለሆነ፣ አባሉ ሊጠይቀው የሚገባው ሚኒስትር ብዙ ጊዜ በፓርቲው ውስጥ አለቃው ነው። በእኔ እምነት የድርሻው አረዳድ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የመምራት ኃላፊነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል መሰጠቱን ትልቅ ነገር አድርጌ የማየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1861 የተቋቋመው ተመሳሳይ ኮሚቴ ሰብሳቢም የሚመረጠው ከተቃዋሚው ወገን ነው።

የቀድሞ የክልል ምክር ቤት አባል፦
ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ እኔ ግን ከውስጥ ያየሁትን ልጨምር። ብዙዎቻችን ወደ ምክር ቤት የገባነው ቢሮዎችን መደገፍ ሥራችን ነው ብለን በማመን ነበር። የቢሮ ኃላፊው ሪፖርቱን ያቀርባል፣ እኛም ጠንካራ ጎኑን አመስግነን ጉድለቱ እንዲታረም እናሳስባለን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ጉድለት ተመልሶ ይመጣል። ይህ የሚለወጠው የኦዲት ግኝት በእጃችን ሲኖር ነበር። ለቅሬታ በተስፋ ቃል መመለስ ይቻላል፤ ያልተወራረደ ሂሳብ ግን ሰነድ ወይም ተጠያቂ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጠያቂያችን፣ ስለ መገጭ ሲጠይቁ መቼ ያልቃል ብቻ አይበሉ፤ ምን ያህል በጀት ተመደበለት፣ ምን ያህሉ ሥራ ላይ ዋለ፣ ለመጓተቱስ ማን ኃላፊነት ወሰደ ብለው ይጠይቁ። ግድቡ የፌዴራል ፕሮጀክት ስለሆነ ጥያቄውን ለፌዴራሉ ተወካይ ያቅርቡ። የከተማዋን የውኃ ሥርጭት ግን የከተማውና የክልሉ ምክር ቤቶች እንዲጠይቁበት ያድርጉ፤ ሁሉም በአንድ መድረክ ሲደባለቅ እያንዳንዱ ተመራጭ የሌላው ድርሻ ነው ብሎ ለማለፍ ይመቸዋል።

የአዘዞው፦
በዚህ ላይ እኛም ድርሻ አለን። ተወካዩን የምንመዝነው መንገድ ባመጣልን ልክ ነው፤ በኮሚቴው ውስጥ ምን እንደጠየቀ፣ በጀት ሲጸድቅ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ አንጠይቀውም። መራጩ የማይጠይቀውን ነገር ተመራጩ እንደ ግዴታው እንዲያየው መጠበቅ ይከብዳል።

የማራኪው ነዋሪ (ጎንደር)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀድሞውን የምክር ቤት አባል አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የኦዲት ሪፖርቱን እንደ እኔ ያለ ተራ ነዋሪ ማግኘት ይችላል?

የቀድሞ የክልል ምክር ቤት አባል፦
የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ በአንቀጽ 58 መሠረት ስብሰባው ለሕዝብ ግልጽ ነው፣ ሪፖርቶቹም በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣሉ። የሚመለከትዎትን ገጽ አትመው ወደ ቀጣዩ ውይይት ይዘው ይሂዱ።