ዊንዶውስ 10 «አበቃ» አለኝ፣ ዛሬውኑ ላፕቶፕ ልቀይር?

ሳሪስ ፎቶኮፒ፦ ሰላም ናችሁ፣ ቸኩያለሁ። የሱቄን ላፕቶፕ ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑን ሙሉ የሸፈነ መልእክት መጣ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል፣ ይሄ ኮምፒውተር 11ን አይቀበልም ይላል። አልፌው ስገባ ደግሞ ወርድ ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል። ሰው ተሰልፏል። መርካቶ ያለ ሻጭ «አዲሱ ዊንዶውስ ኤአይ አለው፣ ያንተ አይችለውም» ብሎ አንድ ላፕቶፕ ይዞልኛል። እስከ ማታ ካልመጣሁ ለሌላ ይሸጠዋል። ልግዛ?

ቀበና፦ ሪስታርት አድርገው።

ጋሼ ሲስተም፦ ልጆች፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 2014 ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ በ2020 ደግሞ ዊንዶውስ 7 ሲያበቃ እንዲሁ ተንጫጭተን ነበር። ድጋፍ አበቃ ማለት ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የቆመው መደበኛው ነጻ አፕዴት ነው። ከዚያ በኋላ ቫይረስ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንልህ የለም። ያንተ ሱቅ ደግሞ የመንገደኛው ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት ስለሆነ ችላ አይባልም። በእኛ ጊዜ በፍሎፒ...

ጦጣው፦ ጋሼ ፍሎፒ ጀመሩ፣ ቡና አፍሉ። በነገራችን ላይ የፎቶኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለው ቫይረስ ቅርስ ነው፣ አትንኩት።

ብሎን ፈቺ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ችግር አንድ ላይ ቀላቅለሃል። መንቀርፈፉ ከዊንዶውስ 10 ማብቃት ጋር አይገናኝም። ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው? ራሙስ? ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዓይነት) ነው ወይስ የድሮው?

ሳሪስ ፎቶኮፒ፦ ኮር አይ 5 ነው። ደህና ዕቃ ነው።

ብሎን ፈቺ፦ አይ 5 ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ።

ሳሪስ ፎቶኮፒ፦ 6300። ራም 8። ዲስኩን አላውቅም፣ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ብሎን ፈቺ፦ ቀጭ ቀጭ?! ሌላውን ተወውና አሁኑኑ ፋይልህን ገልብጥ። ሃርድ ዲስክህ ሊሄድ ነው፣ መንቀርፈፉም ከእሱ ይመስለኛል። ከዚያ ኤስኤስዲ አስገባበት። ለወርድና ለስካን 8 ራም ይበቃሃል። መልእክቱ ግን አልዋሸህም። ቁጥሩ በ6 ስለሚጀምር ያንተ ፕሮሰሰር ስድስተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ 11 ደግሞ ከኢንቴል በአብዛኛው ከስምንተኛው ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዊንዶውስ አፕዴትን ክፈት። የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው እትም፣ 22ኤች2 ላይ ከሆንክ ለተራዘመ የደህንነት አፕዴት ተመዝገብ የሚል ይመጣልሃል። እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያደርስሃል። 30 ዶላር የሚለውን አትንካ፤ ሴቲንግህን በማይክሮሶፍት አካውንት ባክአፕ ካደረግህ ነጻ ነው።

ሃያ ሁለት፦ አልስማማም። ለአሮጌ ዕቃ ገንዘብ ማፍሰስ ምን ይሉታል? ላፕቶፕ እዚህ አገር ሲረክስ አይተህ ታውቃለህ? መግዛትህ ካልቀረ ዛሬ ግዛ።

የአይቲዋ፦ መግዛቱ ሌላ ነገር ነው። በኤአይ ምክንያት ግን አይሁን። ኮፓይለት ፕላስ የሚባሉት ኮምፒውተሮች ቢያንስ 16 ጊጋ ራም አላቸው። ለኤአይ ሥራ የተሠራ ኤንፒዩ የሚባል ክፍልም አላቸው፣ በሴኮንድ ከ40 ትሪሊዮን በላይ ስሌት የሚሠራ። የተያዘልህ እንደዚያ ነው ወይስ ስቲከር ብቻ? ቢሆንስ፣ ማመልከቻ ለመተየብና መታወቂያ ኮፒ ለማድረግ ምን ይሠራልሃል? ከ11 ለሱቅህ የሚጠቅመው ደህንነቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ ኤንፒዩም ይገኛል። ዛሬ ካልገዛሁ ካልክ መጀመሪያ የፕሪንተርህን ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አጣራ። 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው። ድራይቨሩ ለ32 ቢት ብቻ የተሠራ ከሆነ አዲሱ ላፕቶፕ አያትምልህም።

ቀበና፦ ሪስታርት አደረግከው?

ቶሺባ ለዘላለም፦ የኔ አራተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ሩፈስ በሚባለው፣ ፍተሻውን በሚያልፈው ፕሮግራም 11 ጭነውልኝ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ምን አስጨነቃችሁ?

ብሎን ፈቺ፦ ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን ለእንደዚህ ዓይነቱ አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ለቤት ይሁን፣ ለሱቅ አልመክርም። ሳሪስ፣ ገለበጥክ?

ጦጣው፦ ሳሪስ ጠፋ። ወይ ዲስኩ ሄዷል፣ ወይ እሱ መርካቶ ሄዷል።